ግራፊንን ሳይጎዱ ማልበስ፦ ቦታቸውን ራሳቸው የሚይዙ ሞለኪውሎች

ስለ ግራፊን ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ውዳሴውን ነው። ከብረት የጠነከረ፣ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ የሚያስከነዳ፣ ከሁሉም የቀጠነ። አብዛኛው እውነት ነው። ብዙ የማይነገረው ግን ግራፊን እንዲሁ እንዳለ ሲቀመጥ ያን ያህል የሚሠራው ሥራ እንደሌለ ነው። ደም ውስጥ ያለ ቫይረስ መርጦ አይዝም። እንደ ትራንዚስተር በቅጡ በርቶ በቅጡ አይጠፋም። ሌላ ነገር ልቀባበት ቢሉትም እሺ አይልም። ሥራ እንዲይዝ ከተፈለገ ላዩ ላይ አንድ ነገር መጨመር ግድ ነው። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ጋ ነው፤ የሚጨመረው ነገር ግራፊንን ግራፊን ያሰኘውን ጠባይ ሊያጠፋው ይችላል።

ከዚህ ጣጣ ለመውጣት ኬሚስቶች ካገኟቸው መንገዶች አንዱ በጣም ደስ ይለኛል። ሞለኪውሎቹን ላዩ ላይ ያፈሷቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ሞለኪውሎቹ ራሳቸው ተሰልፈው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። እንዴት? ከግራፊን አሠራር እንጀምር።

እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ከሸክላ ጋር የተደባለቀ ግራፋይት ነው። ግራፋይት ማለት ደግሞ እጅግ ስስ የሆኑ የካርቦን ንጣፎች ተደራርበው የሠሩት ነገር ነው። ከእነዚያ ንጣፎች አንዱ ብቻውን ሲላጥ ግራፊን ይባላል። በ2004 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ የላጡት በተራ ስኮች ነበር። በ2010 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አገኙበት። ውፍረቱ የአንድ አቶም ነው፤ በቁጥር ካስፈለገ ወደ 0.34 ናኖሜትር ገደማ። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

በዚህ ንጣፍ ላይ ካርቦኖቹ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት እየሠሩ ተያይዘዋል። እያንዳንዱ ካርቦን ለማያያዣ የሚሆኑ 4 ኤሌክትሮኖች አሉት። ሦስቱን ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ለመያያዝ ያውላቸዋል። አራተኛው ግን የማንም የግል ንብረት አይደለም። ከንጣፉ በላይና በታች ተዘርግቶ የሁሉም የጋራ ይሆናል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው እሱ ነው። በ2008 ተመራማሪዎች ከታች ምንም ሳይነካው አየር ላይ በተወጠረ ንጹሕ ግራፊን ላይ ልኬት ሠርተው ነበር። ኤሌክትሮኖቹ በሲሊከን ውስጥ ከለመድነው ከ100 እጥፍ በላይ ቅልጥፍና አሳዩ። ልኬቱ የተሠራው ግን በከባድ ቅዝቃዜ ነው። ማስታወቂያዎቹ ይህቺን ነገር ይዘሏታል።

ይኸው አሠራር ግራፊንን ግትር ያደርገዋል። ሁሉም ካርቦን ጎረቤቶቹን ይዟል፤ ለእንግዳ የተረፈ ማያያዣ የለም። በዚያ ላይ ግራፊን ውስጥ የሚባል ነገር የለውም፤ እንዳለ ገጽ ነው። የሁለቱ ወገኖቹ ስፋት ሲደመር በስሌት በአንድ ግራም 2,630 ካሬ ሜትር ይመጣል። ስለዚህ ላዩ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ነገር የሚነካው ጠቅላላ ንጣፉን ነው። ከላይ ልቀባው፣ ውስጡ እንዳለ ይቆይልኝ ማለት እዚህ አይሠራም።

በግድ ማሰር

የመጀመሪያው መንገድ ማስገደድ ነው። ሃይድሮጅን፣ ፍሎሪን ወይም ሌላ ኃይለኛ ኬሚካል አምጥቶ ከካርቦኑ ጋር ጠንካራ ትስስር እንዲፈጥር ማድረግ። ይቻላል። ግን አንድ ካርቦን ከእንግዳ ጋር ሲታሰር አራተኛውን ኤሌክትሮን ከጋራው ነጥቆ ለእንግዳው ያውለዋል። አቶሙም ከንጣፉ ትንሽ ብቅ ይላል። ለኤሌክትሪኩ እዚያ ቦታ ላይ እንቅፋት ተፈጠረ ማለት ነው።

በ2009 እዚያው ማንቸስተር ግራፊንን በሃይድሮጅን ሲያለብሱት የታየው ይኸው ነው። ድንቁ አስተላላፊ ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ የሚለግም ነገር ሆነ። ደግነቱ፣ ሲያሞቁት ሃይድሮጅኑ ለቀቀና የቀድሞ ጠባዩ በአብዛኛው ተመለሰ።

ይህ መንገድ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ግራፊንን ከፕላስቲክ ጋር ቀላቅሎ ማጠንከር ለሚፈልግ፣ ወይም ውሃ ውስጥ እንዲበተንለት ለሚፈልግ ሰው በቂ ነው፤ እንዲያውም የተሻለ ነው። ኤሌክትሪኩን ለሚፈልግ ግን ትርፉ ኪሳራ ነው።

ሳይታሰሩ ማረፍ

ሁለተኛው መንገድ አለማሰር ነው። ሞለኪውሉን ላዩ ላይ ማሳረፍ ብቻ። ጠፍጣፋ የሆነ ሞለኪውል፣ በተለይ እንደ ቤንዚን (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበቱ ሞለኪውል) ዓይነት የካርቦን ቀለበት ያለው፣ ግራፊን ላይ ሲተኛ በሁለቱ መካከል ቀላል ስበት ይፈጠራል። ኤሌክትሮን ተጋርተው ትስስር አይፈጥሩም፤ ተጠጋግተው ይሳሳባሉ። የስበቱ ዋና ክፍል ቫን ደር ዋልስ የሚባለው ኃይል ነው።

ይህ ኃይል ምን ያህል ነው? ሁለት ካርቦኖችን የሚያስረው ተራ ትስስር ወደ 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ ጉልበት የሚለካበት መለኪያ) ያህል ጉልበት አለው። አንድ የቤንዚን ሞለኪውል ግራፋይት ላይ የተኛበት ስበት ግን 0.5 ገደማ ነው። የክፍል ሙቀት ደግሞ ሁሉንም ነገር በ0.025 ገደማ ጉልበት ያለማቋረጥ ያንቀጠቅጠዋል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አስተያዩዋቸው፤ ጨዋታው በሙሉ እነሱ ውስጥ ነው። ስበቱ ሞለኪውሉን ላዩ ላይ ለማቆየት ይበቃል፤ ቦታው ላይ ለመቸንከር ግን አይበቃም። ሞለኪውሉ ንጣፉን ሳይለቅ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል፣ ይዞራል፣ ሌላ ሞለኪውል ያገኛል፣ ካልተስማማው ትቶት ይሄዳል።

እህል በሰፌድ ሲነፈስ እናቶች ፍሬውንና ገለባውን አንድ በአንድ በእጃቸው አይለቅሙም። ሰፌዱን ማወዛወዝ ነው፤ ከባዱም ቀላሉም እንደ ጠባዩ ቦታውን ይይዛል። እዚህ የሚያወዛውዘው ሙቀት ነው። ሞለኪውሎቹ ሲንቀጠቀጡ መጥፎ አቀማመጥ ይፈርሳል፣ ጥሩ አቀማመጥ ይቆያል። ቀስ በቀስ ጥሩው ይበዛል። መጨረሻ ላይ በመቶዎች በሚቆጠር ናኖሜትር ስፋት ላይ የተደረደረ፣ የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ያለው ሽፋን ይገኛል። ማንም በእጁ አልደረደረውም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚስተው ነገር አለ። ትስስሩ ጠንካራ ቢሆን ውጤቱ የሚያምር ይመስለናል። ተቃራኒው ነው። በጠንካራ ትስስር የተያዘ ሞለኪውል በመጀመሪያ ያረፈበት ቦታ ላይ ይቀራል። ቦታው ስህተት ቢሆንም ማረሚያ የለውም። ሥርዓት የሚመጣው መሳሳትና ስህተትን መተው ሲቻል ነው። ለዚያ ደግሞ ስበቱ ልል መሆን አለበት።

ለመሆኑ ይህን ማን አየው? በ1981 ዙሪክ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪሽ ሮረር ስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። በ1986 ኖቤል አሸለማቸው። መሣሪያው ብርሃን አይጠቀምም። ጫፏ እጅግ የሾለች መርፌ ወደ ገጹ ከ1 ናኖሜትር ባነሰ ርቀት ትጠጋለች። ሳይነካኩ ትንሽ ኤሌክትሪክ በመካከላቸው ያልፋል። ርቀቱ በ0.1 ናኖሜትር ሲቀየር ኤሌክትሪኩ ወደ 10 እጥፍ ገደማ ይለወጣል። ስለዚህ የአንድ አቶም ጉብታ እንኳ አይሰወርባትም። መርፌዋ ጠብታ ፈሳሽ ውስጥ ገብታም ትሠራለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሞለኪውሎቹ በሟሙበት ፈሳሽ ስር ሲሰለፉ እዚያው በቀጥታ ማየት ይቻላል ማለት ነው።

ከሰም የተገኘ ትምህርት

በጣም ቀላሉን ምሳሌ ላንሳ። የሻማ ሰም በአብዛኛው አልኬን በሚባሉ ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። እነዚህ ሰንሰለቶች ግራፋይት ላይ ሲያርፉ ቀጥ ብለው ተኝተው፣ ጎን ለጎን ተሰልፈው ረድፍ ይሠራሉ።

ለምን ቀጥ ብለው? በ1970 ግሮሼክ የተባለ ተመራማሪ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ሰንሰለቱ ዚግዛግ ነው። አንዱን ካርቦን ዘለው ወደሚቀጥለው ሲሄዱ ርቀቱ 0.25 ናኖሜትር ገደማ ነው። የግራፋይት ባለ ስድስት ማዕዘን ጥልፍልፍ የሚደጋገምበት ርቀት ደግሞ 0.246 ናኖሜትር ነው። ልዩነቱ 2 በመቶ አካባቢ ቢሆን ነው። ሁለቱ ከሞላ ጎደል ይገጥማሉ። ሰንሰለቱም የጥልፍልፉን አቅጣጫ ተከትሎ ይተኛል። ስልፉ በማይክሮስኮፕ በቅጡ የታየው ቆየት ብሎ ነው፤ በ1991 የወጡት ምስሎች እያንዳንዱን ረድፍ ለይተው ያሳያሉ።

ሰንሰለቱ ሲረዝም መያዣውም ይጨምራል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ካርቦን የራሱን ትንሽ ስበት ያዋጣል። አንዱ ብቻውን ከሙቀቱ ንቅናቄ ብዙም አይበልጥም፤ ሰላሳ አርባው ሲደመር ግን ሰንሰለቱ በቀላሉ አይነሳም። አንድ ኬሚስት ሌላ ሞለኪውል ግራፊን ላይ ማስቀመጥ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ ረጅም የካርቦን ጭራ የሚቀጥልለት ለዚህ ነው። ጭራው መልሕቅ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ሌላው ጫፍ ነው።

ምሳሌው ግራፋይት ላይ መሆኑ አያስጨንቃችሁ። የግራፋይት የላይኛው ንጣፍ ያው ግራፊን ነው። ግራፋይት ርካሽ ነው፣ በስኮች ሲላጥ አዲስ ንጹሕ ገጽ ይወጣዋል። ስለዚህ ልምምዱ በአብዛኛው እሱ ላይ ተሠርቶ ነው ወደ ግራፊን የተሻገረው።

እስካሁን ያየነው ሞለኪውሉን ወደ ገጹ የሚስበውን ኃይል ነው። ሁለተኛው ኃይል ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል፣ ወደ ጎን የሚሠራው ነው። ትራይሜሲክ አሲድ የሚባል ሞለኪውል አለ። መሃሉ የካርቦን ቀለበት፣ ዙሪያው ሦስት የአሲድ ክንዶች በእኩል ርቀት። ክንዶቹ የሃይድሮጅን ትስስር በሚባል ልል መያዣ ይያያዛሉ። ሦስት ክንድ ያላቸው ሞለኪውሎች እጅ ለእጅ ሲያያዙ የሚሠሩት ቅርጽ ባለ ስድስት ማዕዘን መረብ ነው፤ ከ1 ናኖሜትር ትንሽ የሚሰፉ ቀዳዳዎች ያሉት። ቀዳዳው ውስጥ ሌላ ሞለኪውል ማስቀመጥ ይቻላል። የጀርመን ተመራማሪዎች 60 ካርቦን ያላት ክብ ሞለኪውል እዚያ አስገብተው በማይክሮስኮፑ መርፌ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ገፍተዋታል። ኳስ መጫወት በሉት። የክንዶቹን ቁጥርና አቅጣጫ የሚወስን ሰው የመረቡን ቅርጽ አስቀድሞ ወሰነ ማለት ነው። ንድፉ የሚሳለው ገጹ ላይ ሳይሆን ሞለኪውሉ ውስጥ ነው።

ቀዩ ቀለምና ትራንዚስተሩ

አሁን ወደ እውነተኛው ሥራ እንምጣ። ከግራፊን ትራንዚስተር ለመሥራት ላዩ ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም ሃፍኒየም ኦክሳይድ። የቺፕ ፋብሪካዎች ይህን ሽፋን የሚሠሩት በጋዝ እየነፉ፣ አንድ የአቶም ደርብ በአንድ የአቶም ደርብ ላይ እየጨመሩ ነው። ዘዴው እንዲሠራ ግን ገጹ ላይ ጋዙን የሚይዝ ነገር መኖር አለበት። ግራፊን ላይ የለም። ሽፋኑ የሚበቅለው የተቀደደበት ወይም የተጣጠፈበት ጠርዝ ላይ ብቻ ይሆናል። ሌላው ቦታ ባዶውን ይቀራል።

በ2009 ከቺካጎ አጠገብ ባለው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሄርሳምና ባልደረባው ፒቲሲዲኤ የተባለ ሞለኪውል ግራፊን ላይ አሳረፉ። ፒቲሲዲኤ ኬሚስቶች በቀይ ቀለምነቱ የሚያውቁት፣ ጠፍጣፋ፣ በሁለቱ ጫፎቹ ኦክስጅን የያዘ ሞለኪውል ነው። በቫኩም ማለትም አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ አትንነው ሲያሳርፉት በተራ የክፍል ሙቀት ራሱ ተሰለፈ። በጣም የሚገርመው ሌላ ነው። ግራፊኑ የተሠራው ሲሊከን ካርባይድ በሚባል ቁስ ላይ ነበር፤ ያ ቁስ ደግሞ ደረጃ ደረጃ አለው። የሞለኪውሎቹ ስልፍ ግን ደረጃው ላይ ሲደርስ አልተቋረጠም። እንደ ምንጣፍ ከነግራፊኑ ወርዶ ቀጠለ። ከስር ያለው ነገር ሸካራ ቢሆንም ግራፊኑ ራሱ ያልተቋረጠ ስለሆነ ሞለኪውሎቹ ልዩነቱን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

ያው ቡድን በ2011 ቀጣዩን እርምጃ ወሰደ። በፒቲሲዲኤ የለበሰውን ግራፊን ወደ ሽፋን መሥሪያው አስገቡ። በዚህ ጊዜ ጋዙ የሚይዘው ነገር አገኘና ኦክሳይዱ ወጥ ሆኖ በቀለ። ከስር ያለው ግራፊን አልተቀደደም፣ አልታሰረም። እኔ ከዚህ መስክ ምሳሌ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ሞለኪውሉ ለራሱ ምንም ተአምር አይሠራም። ግትር ከሆነ ገጽና ገጹን ከሚፈልግ ፋብሪካ መካከል ገብቶ ያስማማል።

ሌላው ሥራ የግራፊኑን ኤሌክትሮን መጨመርና መቀነስ ነው። ኤሌክትሮን የሚወድ ሞለኪውል ላዩ ላይ ቢተኛ ከግራፊኑ ትንሽ ይስባል፤ ኤሌክትሮን ለመስጠት የማይሰስት ቢሆን ይጨምርለታል። በ2007 ተመራማሪዎች ኤፍ 4 ቲሲኤንኪው የተባለውን ሳቢ ሞለኪውል ተጠቅመው መቀነስ እንደሚቻል አሳዩ። በ2013 ደግሞ ቤልጅየም ውስጥ ኦሌይላሚን በሚባል ረጅም ጭራ ባለው ሞለኪውል መጨመር ተቻለ። ጭራው እንደ ሰሙ ተሰልፎ ይተኛል፤ ናይትሮጅን ያለበት ጫፉ ኤሌክትሮን ያካፍላል። ሞለኪውሎቹ በሥርዓት ስለሚሰለፉ በአንድ ካሬ ናኖሜትር ስንት እንዳለ ይታወቃል። መጠኑን መቆጣጠር የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቫይረስ ሲመጣ

ብዙ ተስፋ የተጣለበት ሌላው ዘርፍ የጤና መመርመሪያ ነው። ፓይሪን የሚባል አራት ቀለበት ያለው ጠፍጣፋ ሞለኪውል አለ። ቀለበቶቹ ግራፊን ላይ ይተኛሉ። ሌላኛው ጫፉ ፕሮቲን መያዝ ይችላል። ዘዴው መጀመሪያ የተሞከረው የግራፊን ዘመድ በሆኑት የካርቦን ናኖቱቦች ላይ፣ በ2001 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2020 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች በዚሁ መንገድ የኮሮና ቫይረስን የሚይዝ አንቲቦዲ ግራፊን ላይ ተከሉ። ቫይረሱ ሲያዝ በግራፊኑ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ተለወጠ። አፍንጫና ጉሮሮ ከተጠረገ ናሙና ላይም ሞክረውታል።

ታዲያ ለምን ፋርማሲ ውስጥ አላየነውም? አንዱ ምክንያት ጨው ነው። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጨዋማ ነው። ጨው ውስጥ ያሉት የኤሌክትሪክ ቻርጆች ሌላ ቻርጅ፣ ለምሳሌ ግራፊኑ ቫይረሱን የሚያውቅበትን፣ ሲያገኙ ይከቡትና ይሸፍኑታል። በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ከ1 ናኖሜትር ካለፈ ቻርጁ ከሞላ ጎደል አይሰማም። አንቲቦዲ ግን ወደ 10 ናኖሜትር ይቆማል። ጫፉ ላይ ቫይረስ ቢያዝም ግራፊኑ በቅጡ ላይሰማው ይችላል። ፈሳሹን ማቅጠን፣ አጭር የአንቲቦዲ ቁራጭ መጠቀም፣ ሌላም ሌላም ዘዴ ይሞከራል። ሁሉም የራሱ ዋጋ አለው።

ሁለተኛው ችግር ቆሻሻ ነው። ግራፊን ከተሠራበት ቦታ ተነስቶ ወደ ቺፕ ሲዛወር ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ ተይዞ ነው። ፕላስቲኩ ሲታጠብ ትንሽ ቅሪት ይተዋል። አየር ላይ ሲቆይም ውሃና የዘይት እድፍ ይለጠፍበታል። በቫኩም ውስጥ ውብ ሆኖ የተሰለፈ ሞለኪውል እንዲህ ያለ ገጽ ላይ ሲያርፍ ግራ ይጋባል። የምርምር ጽሑፎች ላይ የምናያቸው ያማሩ ምስሎች ከንጹሑ ቦታ የተነሱ ናቸው።

ሦስተኛው ከራሱ ከልልነቱ የሚመጣ ነው። በልል ስበት የመጣ በቀላሉ ይሄዳል። ጠንከር ያለ ማሟሚያ ያጥበዋል፣ ሙቀት ያስነሳዋል። ለአንድ ጊዜ ምርመራ ችግር የለውም። ለዓመታት መሥራት ላለበት ዕቃ ግን ያሳስባል።

ከዚህ የተነሳ የቅርብ ጊዜ ሥራዎች ሁለቱን መንገዶች ማዋሃድ ጀምረዋል። በ2018 የጃፓንና የቤልጅየም ኬሚስቶች 50 ካርቦን ያለውን የሰም ሰንሰለት ግራፊንና ግራፋይት ላይ አሰለፉ። ረድፍ በረድፍ ተኛ። ከዚያ ኃይለኛውን አሳሪ ኬሚካል ለቀቁበት። ሰሙ የሸፈነው ቦታ አብዛኛው ተረፈ፤ ጠንካራው ትስስር በዋናነት የተፈጠረው ረድፎቹ በሚገናኙበት ጠባብ መስመር ላይ ነው። መስመሮቹ 6 ናኖሜትር ገደማ ተራርቀው በትይዩ ተሰመሩ፤ ይህም በግምት የአንዱ የሰም ሰንሰለት ርዝመት ነው። ሌላ ርቀት የሚፈልግ ሰው ሌላ ርዝመት ያለው ሰንሰለት ይመርጣል።